ለዚያች ሴትዮ ይንገሩልኝ

«እማማ፣ ለዚያች ሴትዮ ይንገሩልኝ፤ ቴርሞሱን ታቀብለኝ» አለ የልጄ ባል። ያቺ ሴትዮ ልጄ ናት። ቴርሞሱ ያለው እሷ ክርን አጠገብ ነው፣ እሱ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል፣ እኔ መሃል ነኝ። ልጄ ዳቦዋን እየቆረሰች፣ ቀና ብላ ሳታየው፣ «እማ፣ እጅ የለህም ወይ በይው» አለች። ሁለቱም የሰሙትን ነገር ለሁለቱም መድገም ስለከበደኝ ቴርሞሱን ራሴ አንስቼ ቀዳሁለት። እንዲህ ከሆኑ ክረምቱ ሊጋመስ ነው። በምን እንደተጣሉ አሁን ሁለቱም በትክክል የሚያስታውሱት አይመስለኝም። አንድ አልጋ ላይ ያድራሉ፣ ከአንድ ድስት ይበላሉ፣ ቃል ግን ከአንዳቸው ወደ ሌላቸው የሚሄደው በእኔ በኩል ነው።

አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ምንም ማድረግ አልችልም። በየክፍላቸው ሲሆኑ ግን ሥራዬን እሠራለሁ። እሱ በር ላይ ቆሞ «ልብሴ ታጥቧል ወይስ ዛሬም እንቁላሏን ታቅፋ ነው የዋለችው?» ሲል፣ ጓዳ ገብቼ «ደክሟት ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ» እላታለሁ። እሷ «እናቱ ታጥብለት» ስትል፣ «ነገ አጥብለታለሁ ብላለች» እለዋለሁ። መንገዱ አጭር ነው፣ ከጓዳ እስከ በር። በዚያች መንገድ ቃሉን አጥቤ፣ አስጥቼ፣ ተኩሼ አደርሳለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ አፋፉ ላይ ቆሜ የምቀልብ ሰው ነኝ። ደግ ቃል ሲደርሳት የልጄ ትከሻ ትንሽ ዝቅ ይላል። እሱን እያየሁ ውሸት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም።

ቤታችን የመብራት መስመር ያልደረሰበት የከተማው ጫፍ ላይ ነው። ምሰሶዎቹ ከመንገዱ ማዶ ድረስ መጥተው፣ ልክ እኛን ሲያዩ እንደደከማቸው ሁሉ ቆመዋል። ስለዚህ ጣሪያችን ላይ ሶላር አለ፤ ኮሪደሩ ውስጥ ባትሪዎቹ ተደርድረዋል፤ ከበላያቸው ግድግዳው ላይ ኢንቨርተር የሚባለው ሳጥን ተሰቅሏል፤ ከማድ ቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ በታጠረ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጄኔሬተሩ አለ። ፀሐይ ስትጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ኢንቨርተሩ ከእሱ ተቀብሎ ባትሪውን ይሞላል። ይሄ ሁሉ ሽቦ ቤት ከገባ ጀምሮ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። ኮሪደሩን ባለፍኩ ቁጥር ግድግዳው እንዳይነካኝ ልብሴን እሰበስባለሁ። ሳጥኑ ሲጮህ ቤቱ ሊቃጠል ነው፣ ዝም ሲል ደግሞ ተቃጥሎ ያለቀ ይመስለኛል። ልጄ ትስቅብኛለች። «እማ፣ አታሟርቺ» ትለኛለች። ምድጃ ስትለኩስ ተጠንቀቂ እላታለሁ፣ ደረጃ ስትወርድ ተጠንቀቂ እላታለሁ፣ ቢላ ስታነሳ፣ መንገድ ስትሻገር፣ ዝናብ ሲያካፋ። ቃሉ እንደ ሰላምታ ሆኖብኛል፤ እሷም እንደ ሰላምታ «እሺ እማ» ትላለች።

ሰማዩ ከተደፈነ ሰንብቷል። በዚህ ላይ ጄኔሬተሩ አመመው። ማለቴ ይነሳል፣ ጥሩ አድርጎ ይጮሃል፣ ጭሱንም ያወጣል፤ ኢንቨርተሩ ግን አይቀበለውም። ቀጭ ይልና ይይዘዋል፣ ወዲያው ከጀርባ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ የታነቀ እንስሳ የመሰለ ፉጨት ይሰማል፣ ከዚያ እንደገና ቀጭ ብሎ ይለቀዋል። ያን ሰሞን ልጄ ከኮሪደሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል የእንቁላል ማስፈልፈያ ሳጥኗን ሞልታ ነበር። ሊፈለፈሉ ሁለት ቀን ነው የቀራቸው። ሙቀቱ አንድ ሌሊት ከወረደ ጫጩቶቹ በየቅርፊታቸው ውስጥ እንዳሉ ይቀራሉ። ጫጩት ሊገዙ ወረፋ ይዘው የሚጠብቋት ሰዎች አሉ፣ ከዚህ ቤትም በራሷ ስም የምትጠራው ብቸኛ ነገር ያ ሳጥን ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መስኮት ከፍቼ ሰማይ ማየት ሥራዬ ሆነ።

በቴርሞሱ ተኳርፈው ሻይ በጠጣንበት በዚያ ጠዋት ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ፊውዝ ነው የሚለው፤ ምንም ይበላሽ ምን መጀመሪያ «ፊውዝ ይሆናል» ስለሚል። ቀጭን፣ ወሬኛ፣ ካቻቪቴውን እንደ እስክርቢቶ ጆሮው ላይ የሚሰካ ሰው ነው። በቴስተሩ አንዱንም ሌላውንም ለካ፣ የናፍጣውን ፊልትሮ ነቅሎ አራገፈ፣ የናፍጣ ዋጋ የት ሊደርስ ነው እያለ እግረ መንገዱን ተማረረ። ጄኔሬተሩን አስነሳው፤ ባዶውን ሲሄድ የመብራቱ ልክ ደህና ነው። ኢንቨርተሩ ሲይዘው ፉጨቱ መጣ፣ ልኩም ወረደ። ፊውዝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና፣ «ማዘር፣ ጄኔሬተሩ ጤነኛ ነው፣ ኢንቨርተሩም ጤነኛ ነው። መሃላቸው ነው ችግሩ፣ እንደ ባልና ሚስት» ብሎ ሳቀ። የልጄ ባል በር ተደግፎ ነበር፣ አልሳቀም። ልጄ ክፍሏ ውስጥ እንቁላል ታገላብጥ ነበር፣ ማገላበጧን አቆመች። ፊውዝ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ጉሮሮውን ጠረገ።

ችግሩ ቺንጊያው ነው። ሞተሩን መብራት ከሚያመነጨው ዲናሞ ጋር የሚያገናኘው ጥቁር የላስቲክ ቀበቶ አርጅቶ ላልቷል፤ ጭነት ሲመጣበት ፑሊ በሚባለው በሚያዞረው ጎማ ላይ ይንሸራተታል፣ ዲናሞው ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ኢንቨርተሩም የደከመ መብራት አልቀበልም ይላል። ፊውዝ የቺንጊያውን መከለያ ፈትቶ ግድግዳ ላይ አስደገፈውና አዲስ ገዝቶ እንደሚመለስ ተናገረ። ከመሄዱ በፊት ግን የልጄ ባል ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሲጨቀጭቀው የነበረውን ሥራ ሠራለት። ከኢንቨርተሩ እስከ ሞተሩ ቀጭን ሽቦ ዘረጋ፣ ኮሪደሩ ላይም ይህን የሚያዝ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመ፤ ልጄ ያኔ ሙቀቱ እንዳይወጣ የክፍሏን በር ዘግታ ነበር። ባትሪው ከአርባ ስድስት ቮልት በታች ወርዶ ትንሽ ከቆየ ሞተሩ ያለ ቁልፍ ራሱ ይነሳል። «በሌሊት መነሳት ቀረልዎት» አለው። «ለቤት ሰው ሁሉ ግን ይንገሩ።»

ፊውዝ ከወጣ በኋላ የልጄ ባል ዩኒፎርሙን ለበሰ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የቀን ተረኛ ነበር። በር ላይ ጫማውን እያሰረ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ እንዲህ አለኝ፤ «እማማ፣ ለዚያች ሴትዮ ይንገሯት። ከዛሬ ጀምሮ ሞተሩ ራሱ ነው የሚነሳው፣ ቁልፍ አይጠብቅም። እንደ ልማዷ እጇን ትክተትና ጣቷን ይጎምድላት፤ ያኔ ሰው መስማት ትጀምራለች።» ማሰሪያውን ሳብ አድርጎ ቋጠረ፣ ደህና ዋሉ ብሎኝ ወጣ። የተናደደ እንኳ አይመስልም ነበር። ያ ነው የቀዘቀዘኝ። ሰው ሲናደድ ያልፍለታል፤ እሱ ግን ዝናብ ይመጣል ጃንጥላ ያዙ እንደሚል ሰው ነው ያለው።

ከበር እስከ ልጄ ክፍል ያለችውን መንገድ ያን ቀን ቀስ ብዬ ሄድኳት። እንዲህ ያለውን ቃል ወደ ልጄ ጆሮ እንዴት አስገባዋለሁ? ሳጥኑ ላይ አጎንብሳ በእጇ ጀርባ ሙቀቱን ትለካ ነበር፤ ጣቶቿ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ነበር። ጣቶቿን ሳይ አፌ ተሳሰረ። «ቺንጊያው እስኪመጣ አትድከሚ፣ ጄኔሬተሩንም አትጠጊው ብሏል» አልኳት። እሾሁን ስነቅል ሥጋውም አብሮ ወጣ። ራሱ ይነሳል የሚለውን አልነገርኳትም። ያን ቃል ከዚያኛው ለይቼ ማውጣት አቃተኝ። ደግሞም ፊውዝ ከምሳ በፊት ይመለሳል፣ እስከዚያ ማን ወደ ቆርቆሮ ቤት ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። ልጄ ቀና አለች። «አትድከሚ አለ? እሱ?» «አዎ።» ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁት፣ እንቁላሎቹንም እንደ አዲስ ማገላበጥ ጀመረች።

ፊውዝ ከምሳ በፊት አልመጣም። ከምሳ በኋላም አልመጣም። ሲደወልለት የዚያ ቁጥር ቺንጊያ የትም ጠፋ፣ ሌላ ሱቅ ልሞክር ነው ብሎ ዘጋው። ሰማዩ እንደ እርጥብ አመድ ሆኖ ጣሪያው ላይ ተቀመጠ። መብራት አጠፋን፣ ፍሪጁን ነቀልን፣ ቴሌቪዥኑን ነቀልን፤ ከባትሪው የሚጠባ ማስፈልፈያው ብቻ ቀረ። እኔ ምድጃ ላይ ውሃ እያፈላሁ በጠርሙስ እየሞላሁ፣ በፎጣ እየጠቀለልኩ በሳጥኑ ዙሪያ ደረደርኩ። ልጄ በየጊዜው ኮሪደር ወጥታ የኢንቨርተሩን ቁጥር ታያለች። ቁጥሩ ይወርዳል። ስትመለስ አትናገርም፣ እኔም አልጠይቃትም። በእኛ ቤት ዝም መባባል እንዲህ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ማንም አይለውም። አንዴ ብቻ፣ አንድ እንቁላል አንስታ ጆሮዋ ላይ አስጠግታ፣ «እማ፣ ይሄኛው ውስጥ ይንኳኳል» አለችኝ። እኔም አስጠጋሁት። የሰማሁት የራሴን ልብ ነው።

ትንሽ ቆይታ፣ «ናፍጣውን አይቼ ልምጣ» አለች። «ተጠንቀቂ» አልኳት። «እሺ እማ» አለች። ሄደች። እኔ ጠርሙሶቹን መቀየር ቀጠልኩ። አንዱ ጠርሙስ ክዳኑ አልገጥም ብሎኝ ስታገል ኢንቨርተሩ ጮኸ። አጭር፣ ተደጋጋሚ፣ የሚለምን የመሰለ ጩኸት። ወጥቼ አየሁት። አርባ ስድስት ነበር፣ ዓይኔ እያየ አርባ አምስት ሆነ፣ ከሱ ኋላ ነጥብና ሌላ ቁጥር። ከማድ ቤቱ ጀርባ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ። ናፍጣ የሚያይ ሰው መፍቻ አይዝም። የፈሩት ይደርሳል ሲባል ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት፣ እግሬ ሥር ሲደርስ እንደዚያ ያለ ትንሽ ድምፅ ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፣ አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። ልጄ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ተንበርክካለች። የዲናሞውን ብሎኖች አላልታ ወደ ኋላ ገፍታዋለች፤ መፍቻው በቀኝ እጇ ነው፣ ግራ እጇን ቺንጊያው መወጠሩን ለማየት በቺንጊያውና በፑሊው መካከል አስገብታ ትጫናለች። ጣቶቿ እስከ መዳፏ ድረስ ውስጥ ናቸው።

«እጅሽን አውጪ» አልኳት።

«እሺ እማ።» እጇ አልተንቀሳቀሰም።

«አውጪ እኮ ነው የምልሽ። ራሱ ይነሳል።»

«ማን ያስነሳዋል? ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።» ኪሷን በክርኗ መታ መታ አደረገች። «አታሟርቺ በቃ። ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ሲመጣ ሠርቼ ይጠብቀው። አትድከሚ ስላለኝ ነው እንዲያውም።»

ልይዛት ብል እጇ እዚያው ተቀርቅሮ እንዳይቀር ፈራሁ። ኮሪደር ሄጄ ማብሪያ ማጥፊያውን ልዝጋ ብል የትኛው ወገን መዝጊያ እንደሆነ አላውቅም፣ ጊዜም የለም። ብጮህ ዕድሜዬን ሙሉ ጮኼባታለሁ፣ ድምፄ ጆሮዋ ላይ እንደ ዝናብ ነው። ለእሷ የማይታመን አፍ ነው ያለኝ። ያን ጊዜ የራሴን አፍ ትቼ በእሱ አፍ ተናገርኩ። እጄን ወገቤ ላይ አላደረግሁም፣ ድምፄን አልለወጥኩም፣ ግን እንዳለው አድርጌ፣ አንድም ቃል ሳላጥብ አልኩት፤ «ባልሽ ጠዋት ምን አለኝ መሰለሽ። ለዚያች ሴትዮ ይንገሯት፣ ከዛሬ ጀምሮ ሞተሩ ራሱ ነው የሚነሳው፣ ቁልፍ አይጠብቅም። እንደ ልማዷ እጇን ትክተትና ጣቷን ይጎምድላት፤ ያኔ ሰው መስማት ትጀምራለች።»

ልጄ እጇን አወጣች። ፈርታ አይደለም። ዞራ ልታየኝ ስለፈለገች ነው። መፍቻውን ቺንጊያው ላይ አስቀምጣ፣ ተነስታ፣ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ «እንዲህ አለ?» አለች። ከኋላዋ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳል አደረገና ተነሳ። መፍቻው ከቺንጊያው ላይ ተፈናጥሮ በሁለታችን መካከል አለፈና ቆርቆሮውን በስቶ እዚያው ተሰክቶ ቀረ። ፉጨቱ ጆሯችንን ደፈነው። ልጄ የሞተሩን ማጥፊያ ሳብ አድርጋ አጠፋችው፣ ኮሪደር ገብታም አዲሱን ማብሪያ ማጥፊያ ዘጋችው። የቱ ወገን መዝጊያ እንደሆነ በማየት ብቻ አወቀችው። እኔ ቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ፣ አንድ እግሬ ባዶውን፣ ቀዳዳውን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። በቀዳዳው ሰማይ ይታያል።

ማድ ቤት ተቀመጥን። ውሃው ፈልቶ ፈልቶ አልቋል። ልጄ ሁለቱን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች። «ደክሟት ይሆን ወይ ብሎ የጠየቀውስ?» አለችኝ። ጭቃ የነካውን ባዶ እግሬን ወንበሩ ሥር ደበቅሁ። «ሻይ ብትጠጣ ያለውስ? ሹራቡ ያምርባታል ያለውስ?» ባዶውን ድስት ከእሳቱ አወረድኩ። «እንቁላሉ ስንት ቀን ቀረው ያለው?»

«እሱን እውነት ጠይቋል» አልኩ።

ሳቀች፣ ግን ሳቅ አልነበረም። «የትኛው የእሱ፣ የትኛው ያንቺ እንደሆነ አንቺም አታውቂውም አይደል» አለች። «ለካ ካንቺ ጋር ነው ታርቄ የከረምኩት።» ተነሥታ እንቁላሎቿ ጋ ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ ቢዘጋ ይሻለኝ ነበር።

ሲመሽ ፊውዝ ቺንጊያውን አንገቱ ላይ እንደ ሻርፕ ጠምጥሞ መጣ። ፑሊው ላይ ገጠመው፣ ወጠረው፣ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ መከለያውን መለሰ። ቆርቆሮው ላይ የተሰካውን መፍቻ አይቶ ማናችንንም አልጠየቀም። ነቅሎ ለልጄ ሰጣት፤ ጫፉ ጎብጧል። «ማዘር፣ ማብሪያ ማጥፊያውን አሁን ራሱ ወደሚነሳበት መልሼዋለሁ። ባትሪው የወረደ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይነሳል። አትንኩት፣ ጠብቁት ብቻ» አለኝና ዝናቡ ሳይብስ ልሂድ ብሎ ወጣ። እሱ ሲወጣ የልጄ ባል ገባ። በር ላይ ተላለፉ።

ሻማ ለኩሰን ነበር። የልጄ ባል ኮፍያውን አውልቆ ጠዋት የተቀመጠበት ተቀመጠ፣ እጆቹን አፋትጎ አሞቀ። «ተሠራ ተባለ እኮ» አለ ወደ እኔ። «ለዚያች ሴትዮ ይንገሯት፣ ከእንግዲህ ማንንም ሞተር አስነሳልኝ ብላ አትለምንም።» ልጄ ከክፍሏ ወጥታ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። የጎበጠውን መፍቻ ከፊቱ አስቀመጠችው። እሱ መፍቻውን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«ንገሪው፣ እማ» አለች ልጄ። «የሆነውን ንገሪው። ጠዋት ያለሽንም ንገሪው። አትጨምሪ፣ አታጉድዪ።»

ነገርኩት። እጇ የት እንደነበረ፣ መፍቻው በየት በኩል እንዳለፈ፣ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ምን እንዳለኝ፣ እሱን ለእሷ ስናገረው እጇን እንዳወጣች። ስጨርስ ፊቱ የሻማ መልክ ይዞ ነበር። እውነት ለመናገር አሳዘነኝ። ከዚያ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥታ ወደ ሚስቱ ዞረ። «እኔ እንዲህ አላልኩም» አላት። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ራሱ ይነሳል ትጠንቀቅ ነው ያልኩት። እናትሽን ታውቂያቸው የለ፣ ነገር ይጨምራሉ።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የልጄ ዓይን ውስጥ ያየሁትን እስከ ዛሬ ድረስ አልረሳውም፤ ጥርጣሬ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙሉ የነገርኳት ሁሉ የእኔ እንደነበረ ስትቆጥር ውላ፣ አሁን ይሄኛውስ የማን ነው እያለች ነበር። ባሏ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል። ከፊቴ ያስቀመጠው ነገር ገባኝ። አንዲት ቃል ናት። አዎ፣ እጇን እንድታወጣ ብዬ እኔ ነኝ የጨመርኩት ብል፣ ዛሬ ማታ በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ፣ ቀጥታ ይነጋገራሉ፣ ቴርሞሱንም ትሰጠዋለች። ስመኘው የከረምኩት ነገር፣ በእጄ ውስጥ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ። ኮሪደሩ ላይ ኢንቨርተሩ ይጮሃል። የልጄ ግራ እጅ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመፍቻው አጠገብ፣ ክፍት እንደሆነ ነበር።

«እማማ» አለኝ የልጄ ባል፣ «እውነት እንዲህ ብያለሁ?»

«ብለሃል፣ ልጄ» አልኩት።

ከኮሪደሩ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ከማድ ቤቱ ጀርባ ሞተሩ ሳል አደረገ፣ ተነሳ፣ ኢንቨርተሩም ያዘው። ፉጨት አልነበረም። መብራቱ ባንድ ጊዜ በራና ሦስታችንም ተያየን።